ከመፈተግህ በፊት፦ ጀልባ ለገዛው የእህቴ ልጅ

ልጄ፣

እናትህ በስልክ እንዳጫወተችኝ ያገለገለች ባስ ጀልባ፣ ማለት የባስ ዓሣ ማጥመጃ፣ ገዝተሃል፤ እንኳን ደስ ያለህ። ገላዋ ቀይ ሜታል ፍሌክ፣ ማለት ብልጭልጭ ቅንጣት የተበተነበት፣ ነው። በላከችልኝ ፎቶ ላይ ግን አንደኛው ጎኗ ወደ ሮዝ ሄዷል፤ አፍንጫዋ አካባቢ አመድ የተነሰነሰበት መስሏል፤ ውኃው የሚደርስበት መስመር ላይ ቢጫ እድፍ ተጋግሯል። ቅዳሜ የፖሊሽ ማሽን ተከራይተህ ልትፈትጋት ማሰብህንም ሰማሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ቅዳሜ ሳይደርስ እንድታነበው ብዬ ነው።

እንደምታውቀው ጡረታ የወጣሁት እዚሁ ዳላስ ዙሪያ ከጀልባ ጥገና ሥራ ነው። ወደ ጋራዡ ከሚመጡት ጀልባዎች ብዙዎቹን ፀሐይ ከጎዳቻቸው ይልቅ ባለቤቶቻቸው ሊያድኗቸው ሲሉ ይብስ ጎድተዋቸው ነበር። ስለዚህ ከምክሬ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝልኝ፦ ከላይ ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ፋብሪካው አንድ ጊዜ የሰጠህ ሀብት ነው፤ በፈተግህ ቁጥር ከዚያ ላይ ትቀንሳለህ። የትኛው ንብርብር እንደታመመ ሳታውቅ ማሽን አታስነሳ። የቀረው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

1. የገዛሃት ጀልባ እንዴት እንደተሠራች እወቅ

መኪና መጀመሪያ ብረቱ ይሠራል፣ በመጨረሻ ቀለሙ ይቀባል። የፋይበርግላስ ጀልባ ግን ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የምትሠራው። ፎርማው በሰም ከተወለወለ በኋላ በውስጡ መጀመሪያ ጥርት ያለ፣ ቀለም የሌለው ጄልኮት ይረጫል። ቀጥሎ ፍሌኩ በዚያው በጥርቱ ጄልኮት ተበጥብጦ ይረጫል። ከእሱ ኋላ ጥቁር ወይም ሌላ ቀለም ያለው ጄልኮት ይከተላል፤ በመጨረሻ ፋይበርግላሱ በሬዚን እየራሰ ይደረባል። ጠንክሮ ከፎርማው ሲወጣ መጀመሪያ የተረጨው ጥርት ሽፋን የላይኛው ቆዳዋ ሆኖ ይገኛል።

ፍሌኩ የብረት ፍቅፋቂ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በእርግጥ ግን የውኃ ጠርሙስ ከሚሠራበት ፕላስቲክ ጋር አንድ ዘር የሆነ ስስ ፖሊስተር ነው። አየር በተመጠጠለት ክፍል ውስጥ በአሉሚኒየም ትነት ይለበጣል፤ በአሉሚኒየሙ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም ወርቃማ ቀለም ያለው ስስ ሽፋን ይደረባል፤ ከዚያ ብዙውን ጊዜ ባለ ስድስት ጎን ሆኖ ይከተፋል። የአንዱ ስፋት በአብዛኛው ከ0.1 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። በመኪና ሜታሊክ ቀለም ውስጥ ካለው የአሉሚኒየም ብናኝ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ዓይን እያንዳንዱን ለብቻው ያየዋል፤ የባስ ጀልባ ገላ ፀሐይ ላይ እንደዚያ የሚንቦገቦገው ለዚህ ነው።

ይህ አሠራር የተስፋፋው የባስ ዓሣ ውድድር አሜሪካ ውስጥ ሥር በሰደደበት ዘመን ነው። ፎረስት ዉድ የሬንጀር ጀልባ ፋብሪካን በአርካንሳስ ግዛት፣ ፍሊፒን በምትባል ትንሽ ከተማ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1968 ነበር። ከዚያ ወዲህ ብልጭልጭ ገላ የባስ ጀልባ መለያ ሆኖ ቀርቷል።

እንግዲህ ቁጥሩን አስብ፦ በተለመደው ጀልባ ላይ ጄልኮት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ውፍረቱ። ያንተ ጀልባ ላይ ከፍሌኩ በላይ ያለው ጥርት ሽፋንም ስስ ነው፤ ማሽንህ የሚሠራበት ቦታ ከዚህ አያልፍም።

2. ፀሐይ ሦስት ቦታ እንደምትመታ ልብ በል

ጄልኮት ፖሊስተር ሬዚን ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተባብሮ ሬዚኑን የሚያያይዙትን ሰንሰለቶች ይበጥሳል። በነጭ ወይም በሌላ ድፍን ቀለም በተሠራ ጀልባ ላይ ቀለሙ ራሱ ጨረሩን ስለሚያግድ ጉዳቱ ከላይ ይቆማል። ያንተ ጀልባ የላይኛው ሽፋን ግን እንደ መስኮት ነው፤ ብርሃኑን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ስለዚህ ጉዳቱ ሦስት መልክ አለው።

አንደኛው ገጹ ላይ ነው። ሬዚኑ ተበጣጥሶ ዱቄት ይሆናል፤ ገላዋ አመድ ይለብሳል።

ሁለተኛው በጥርቱ ሽፋን ውስጥ ነው። ሬዚኑ ከውስጥ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። ያን ጊዜ ብርማ ፍሌክ ወርቃማ ይመስላል፤ ሰማያዊ ፍሌክ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ባለቤቱ ቀለሙ የተለወጠ ይመስለዋል፤ የተለወጠው ግን ቀለሙን የሚያይበት መስኮት ነው።

ሦስተኛው ፍሌኩ ላይ ነው። ጨረሩ ጥርቱን አልፎ በአሉሚኒየሙ ላይ ያለውን ማቅለሚያ ያነጣዋል። ቀይ፣ ሮዝና ሐምራዊ በዚህ በኩል ደካሞች ናቸው፤ ብርማው ማቅለሚያ ስለሌለው የሚነጣ ነገር የለውም። ያንተዋ ቀይ መሆኗ ለዚህ ነው ያሳሰበኝ።

ፋብሪካዎች በጥርቱ ጄልኮት ውስጥ ጨረር የሚመጥ መከላከያ ይጨምራሉ። መከላከያው ግን ሥራውን እየሠራ ራሱ ያልቃል። አሮጌ ጀልባ ከአዲስ ጀልባ ይልቅ በፍጥነት የምትደበዝዝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

3. በእርጥብ ጨርቅ መርምራት

ጠዋት ገላዋ ሳይሞቅ ጥላ ውስጥ አቁማት። ንጹሕ ጨርቅ በውኃ አርጥበህ የደበዘዘውን ቦታ አብስ፤ ውኃው ሳይደርቅ ተመልከት። ቀለሙ ተመልሶ ከደመቀ ሕመሙ ላይ ላዩን ነው። ውኃው የሻከረውን ገጽ ሞልቶ ብርሃን ሳይበተን እንዲገባ አድርጎታል ማለት ነው፤ ፖሊሽም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ይቆያል እንጂ። ገጹ እርጥብ ሆኖም ሮዝ ከሆነ ግን ማቅለሚያው ፍሌኩ ላይ ነው የሞተው። ያንን የሚመልስ ኮምፓውንድም (የሚፈትግ ቅባት) ሰምም በዓለም ላይ የለም፤ እመልሳለሁ የሚል ቢመጣ ገንዘብህን አትስጠው።

ቀጥለህ በጥቁር ደረቅ ጨርቅ ሌላ ቦታ ጠረግ አድርግ። ነጭ ዱቄት ከተነሣ ገጹ ተበልቷል።

ከዚያ ምስክር ፈልግ። የመጀመሪያ ቀለሟ የት ተደብቆ እንደቀረ ታገኘዋለህ፦ በጎኗ ዙሪያ ካለው የጎማ ጠርዝ ሥር፣ ገመድ ከሚታሰርበት ብረት ሥር፣ ከዕቃ ማስቀመጫው ክዳን ውስጥ፣ ከተላጠ አሮጌ ተለጣፊ ሥር። ያንን ከጎኗ ጋር አስተያይ። ልዩነቱን ባየህ ጊዜ የጠፋው ምን ያህል እንደሆነ፣ ሊመለስ የሚችለውም ምን ያህል እንደሆነ በዓይንህ ታውቀዋለህ።

ሁለቱንም ጎን ለየብቻ መርምር። አንዱ ጎን ላይ ላዩን፣ ሌላው ከሥር የታመመ ሊሆን ይችላል፤ በፎቶው እንዳየሁት ያንተዋ እንደዚያ ትመስላለች።

4. ኖራውንና እድፉን ከመደብዘዝ ለይ

በተለይ እንደ ሬይ ሃባርድ ባሉት የኛ ሐይቆች ስትውል በገላዋ ላይ የቀረው ጠብታ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ በውኃው ውስጥ የነበረው ካልሲየምና ማግኒዥየም ግን ነጭ ክብ ሆኖ ይቀራል። በቧንቧ ውኃ አጥበህ ሳታደርቅ ብትተዋትም ያው ነው። ብዙ ሰው ይህን ኖራ መደብዘዝ ነው ብሎ በኮምፓውንድ ይፈትገዋል፤ በአቼቶ ሊለቅ ለሚችል ነገር ሀብቱን ያባክናል።

ነጭ አቼቶን ከእኩል ውኃ ጋር ቀላቅለህ በጨርቅ ነክረህ ጥቂት ደቂቃ አሳርፍበት፤ ከዚያ በደንብ አለቅልቅ። ኖራ ከሆነ ይሟሟል። ከሄደ በኋላ የጠብታው ቅርጽ ተቦርቡሮ ከቀረ ብቻ ፖሊሽ ያስፈልገዋል።

ውኃው በሚደርስበት መስመር ላይ ያየሁት ቢጫና ቡናማ እድፍ ደግሞ ሌላ ነው። ከበሰበሰ ቅጠል የሚወጣ ቀለምና በውኃው ውስጥ ያለ ብረት ናቸው የሚያመጡት። ለእሱ ኦክሳሊክ አሲድ ያለበት የጀልባ እድፍ ማስለቀቂያ አለ። ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርገህ ቀባው፣ በጽሑፉ ላይ የተባለውን ያህል ጠብቅ፣ በብዙ ውኃ አለቅልቅ። ተሳቢዋ ላይ እንዲፈስ አትፍቀድ፤ በዚንክ የተለበጠውን ብረት ይበላዋል።

የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ፈጣን ነው ብለው ይመክሩህ ይሆናል። አትስማቸው፤ አሉሚኒየሙንም ተሳቢውንም ያበላሻል። አሲድና በረኪናንም በምንም መንገድ አታገናኝ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ ሰውም ይገድላል።

5. ውኃ ያነጣውን ፀሐይ ካነጣው ለይ

ፖሊስተር ሬዚን ውኃን ሙሉ በሙሉ አያግድም፤ በዝግታ ይመጠዋል። በድፍን ቀለም ጀልባ ላይ ይህ አይታይም። በጥርት ጄልኮት ላይ ግን ወተት የፈሰሰበት የሚመስል ደመና ሆኖ ይወጣል። የት እንደሚወጣ ታውቃለህ? በተሳቢዋ ላይ ምንጣፍ የለበሱትን ረጃጅም እንጨቶች ተመልከት። ከሐይቅ ወጥታ እርጥብ ምንጣፍ ላይ ለሳምንታት ስትተኛ፣ እንጨቱ የነካው ቦታ በእንጨቱ ልክ ይነጣል። ማሪና ላይ ውኃ ውስጥ ለወራት ታስራ የከረመችም እንዲሁ ናት።

ይህን ደመና ፖሊሽ አያወጣውም፤ ያለው ከገጹ ሥር ነው። መድኃኒቱ አየርና ትዕግሥት ነው። ከእንጨቱ ከፍ አድርገህ ወይም አቀማመጧን ቀይረህ ነፋሻ ጥላ ውስጥ ለሳምንታት አድርቃት። ከደረቀ በኋላ የቀለለው ይመለሳል፤ የቀረው ሬዚኑ ራሱ የተበላሸበት ነው።

የጣና ሰዎች የደንገል ታንኳቸውን ከሐይቁ ካወጡ በኋላ እንዲደርቅ ያቆሙት የለ? ውኃ የጠገበ ታንኳ እንደሚከብድና እንደሚበሰብስ ያውቃሉና። የፋይበርግላስ ጀልባም ብትሆን ካልደረቀች አትከርምም።

6. አጥበህ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክር

መጀመሪያ በብዙ ውኃ አቧራውን አውርድ፤ አቧራው ላይ ጨርቅ ማስኬድ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ነው። ለጀልባ በተሠራ ለስላሳ ሳሙናና በለስላሳ ጓንት ከላይ ወደ ታች እጠብ። በረኪና፣ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃና የድስት መፈተጊያ አይንኳት። የሰሃን ሳሙና ሰሙን ያወልቃል፤ ስለዚህ ለዘወትር እጥበት አይሆንም።

ከዚያ አሮጌውን ሰም በሰም ማስለቀቂያ አውልቅ። ሰም ሳይወልቅ ፖሊሽ ቢደረግ ማሽኑ ሰሙን ሲያቦካ ይውላል እንጂ ገጹን አይነካም።

ቀጥሎ ከኋላዋ ዝቅ ያለ፣ ዓይን የማይገባ ቦታ ምረጥ። የሁለት መዳፍ ያህል ስፋት በወረቀት ፕላስተር ክለል። ሌላውን ገላ የምትነካው በዚያች ቦታ ላይ በሠራኸው ከተደሰትህ በኋላ ነው።

7. ከለስላሳው ጀምር

ማሽን በሚከራይበት ሱቅ ሻጩ መጀመሪያ የሚያቀብልህ ከባዱን ኮምፓውንድና የበግ ፀጉር ያለውን ፓድ ነው፤ ቶሎ ስለሚያበራ። አንተ በተቃራኒው ሂድ። በስፖንጅ ፓድና በደቃቅ ፖሊሽ ጀምር። ካልበቃ መካከለኛውን ሞክር። ኮምፓውንዱና የፀጉሩ ፓድ የመጨረሻ ናቸው፤ እነሱን ከተጠቀምህም ጭረታቸውን ለማጥፋት በደቃቁ መጨረስ አለብህ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

የማሽኑን ፍጥነት ዝቅ አድርግ፤ በሚሽከረከረው ማሽን በደቂቃ ከ1500 ዙር አትለፍ። አንድ ቦታ ላይ አታቁመው። በየመሐሉ በእጅህ ዳስስ፤ ከሞቀ ተው፣ ይቀዝቅዝ። ሙቀት ሬዚኑን ያለሰልሳል፤ የለሰለሰ ሬዚን ደግሞ ከምታስበው በላይ ይወገዳል። ጠርዝና ጉብታ ያለበትን ሁሉ በፕላስተር ሸፍነህ በእጅህ ሥራው፤ የማሽኑ ኃይል በሙሉ ጠርዝ ላይ ስለሚያርፍ መጀመሪያ የሚበሳው እሱ ነው።

ደግሞም ፓዱን ተመልከት። ከጥርት ሽፋን የሚወጣው ነጭ ወይም ቢጫማ ዝቃጭ ነው። ፓዱ ላይ ቀይ ቀለም ወይም ብልጭታ ካየህ እዚያው አቁም፤ ጥርቱን ጨርሰህ ፍሌኩ ላይ ደርሰሃል።

8. ብርጭቆ ወረቀትን ፍራ

ከባድ አመድ የለበሰን ገጽ ባለሙያ በ1000፣ ከዚያ በ1500፣ ከዚያ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ውኃ እያፈሰሰ ሊያስተካክለው ይችላል። ድፍን ቀለም ባለው ጀልባ ላይ ብትሞክረው አልከለክልህም። ሜታል ፍሌክ ላይ ግን ለመጀመሪያ ጊዜህ አይሁን።

ምክንያቱን ልንገርህ። ፍሌኩ ቀይ የሆነው በአሉሚኒየሙ ላይ ባለው ስስ ማቅለሚያ ነው። ወረቀቱ ጥርቱን አልፎ የፍሌኩን ጫፍ ሲነካ ያንን ማቅለሚያ ይገፈዋል፤ ከሥሩ እርቃኑን የቀረ አሉሚኒየም ይወጣል። በቀይ ገላ ላይ ብርማ ነጠብጣብ ተበትኖ ታያለህ። እሱን የሚያጠፋ ፖሊሽ የለም፤ እንዲያውም በፈተግህ ቁጥር ይበዛል። የተከፈተው አሉሚኒየም ደግሞ ውኃና ሳሙና በቀጥታ ስለሚያገኙት እየተበላ ይጠቁራል። ፀሐይ በብዙ ዓመት ያላደረገችውን በአንድ ከሰዓት ማድረግ የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው።

9. ሰም መቀባትን ልማድ አድርገው

ፖሊሽ ገጹን ይከፍታል፤ ሰም ይዘጋዋል። የፈተግሃትን ጀልባ ሰም ሳትቀባ ከጥላ አታውጣት። ከብራዚል የዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ ሰም የሞቀ ውበት ይሰጣል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ሰው ሠራሽ የፖሊመር ሽፋን ይበልጥ ይቆያል። የትኛውንም ምረጥ፤ ዋናው መደጋገሙ ነው። በፀደይ ወደ ውኃ ከመግባቷ በፊት፣ በበጋው አጋማሽ፣ በመኸር ስታሳርፋት ቀባት። በእነዚህ መሐል ምልክቱን ውኃ ይነግርሃል፦ ጠብታው ክብ ሆኖ ከተንከባለለ ሰሙ አለ፤ ተንጣሎ ከተኛ አልቋል።

ሰም የሞተ ቀለም አያስነሳም፤ ፀሐይንም ሙሉ በሙሉ አይከለክልም። ጥቅሙ ጄልኮቱ ሊበላ ሲል በእሱ ፋንታ የሚበላ ነገር መሆኑ ነው። ስትቀባው ገላዋ ቀዝቃዛ ይሁን፤ በሞቀ ገጽ ላይ ሰም ይጋገራል።

10. ጥላ ከሁሉም መድኃኒት ይበልጣል

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች። እስከ አሁን ያልሁህ ሁሉ ከተጎዳች በኋላ ነው፤ ይህ ግን እንዳትጎዳ ነው።

እኛ ባደግንበት አገር ፀሐይ አናት ላይ ትውላለች፤ በክረምት እንዲያውም ወደ ሰሜን ታልፋለች። ዳላስ ግን ከወገብ በስተሰሜን ወደ 33 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። ጀልባህ ግቢ ውስጥ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከቆመች ወደ ደቡብ የዞረው ጎኗ ይበልጥ ይቃጠላል። የቀድሞው ባለቤት እንደዚያ ነው ያቆማት ብዬ እገምታለሁ። ስለዚህ ከሐይቅ በተመለስህ ቁጥር አፍንጫዋን አዙረህ አቁማት፤ ከተቻለ ጣሪያ ሥር አስገባት፤ በወር የሚከራይ የተሸፈነ ማቆሚያ ዋጋ ከገላ ማሳደሻ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው።

ጣሪያ ካልተገኘ ለልኳ የተሰፋ፣ አየር የሚያሳልፍ ሸራ አልብሳት። ሰማያዊ ላስቲክ አይሁን፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና በምክር 5 ያልሁህን ደመና ያመጣል። ሸራውን ከማልበስህ በፊት አቧራዋን አራግፍ፤ ነፋስ ሸራውን ባንቀሳቀሰው ቁጥር በመሐል ያለው አሸዋ ይፈትጋታል። ዝናብ እንዳይቋጠር ከመሐል በቋሚ ደግፈው፤ ማሰሪያውንም ጠበቅ አድርገው።

ከሐይቅ ስትወጣ ውኃዋን ማፍሰስ ደግሞ በሕግም የታዘዘ ነው። በቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ማንኛውም ጀልባ ከሕዝብ ሐይቅና ወንዝ ሲወጣም ሲገባም በውስጡ ያለው ውኃ በሙሉ መፍሰስ አለበት። ሕጉ የመጣው ሜዳ አህያ በሚመስል ሸንተረሩ ዚብራ ተብሎ የሚጠራው ትንሽ የውኃ ፍጥረት ከሐይቅ ወደ ሐይቅ እንዳይዛመት ነው፤ ቧንቧ ይዘጋል፣ ጀልባ ላይ ይጋገራል። አንተም የታችኛውን መዝጊያ ነቅለህ ስታፈስስ፣ ስታብስ፣ ስታደርቅ ሐይቁንም ጀልባህንም ትጠብቃለህ።

11. ጥገና ከፈለግህ መለያ ቁጥሯን ይዘህ ሂድ

ከኋላዋ በቀኝ በኩል፣ ከላይ፣ 12 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደሎች ፋብሪካውን ይገልጻሉ፤ ቀጥለው ያሉት አምስቱ ተከታታይ ቁጥሯ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ አራቱ የተሠራችበትን ወርና ዓመት፣ የሞዴሉንም ዓመት ይነግራሉ። ፍሌክ ስታዝዝ በዓይን ገምተህ እንዳትገዛ። በዚህ ቁጥር ፋብሪካውን ጠይቅ፤ የፍሌኩን ቀለምና መጠን፣ ከኋላው ያለውን ቀለምም ይነግሩሃል። ፍሌኩ ትክክል ሆኖ የኋላው ቀለም ካልተመሳሰለ ልጥፉ ከሩቅ ይታያል።

ጥርት ሽፋኑ ያለቀ ግን ፍሌኩ ደህና የሆነ ጀልባ በአዲስ ጥርት ሊሸፈን ይችላል፤ በጥርት ጄልኮት ወይም ለመኪና በሚሆን ባለ ሁለት ክፍል ክሊር። ይህን ለባለሙያ ተው የምልህ ለዓይንህና ለሳንባህ ስል ነው። ጄልኮቱን የሚያጠነክረው ሜክፒ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል። በባለ ሁለት ክፍሉ ክሊር ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት ደግሞ ለዕድሜ ልክ የሚቆይ አስም ሊያስይዝ ይችላል፤ ባለሙያዎች ከውጭ ንጹሕ አየር በሚያመጣ ጭንብል ነው የሚረጩት። በተራ የአፍ መሸፈኛ ጋራዥ ውስጥ የሚረጭ ጓደኛ ካለህ ከእሱ ራቅ፣ እሱንም ምከረው።

ባለሙያ ስትመርጥም ሁለት ጥያቄ ጠይቀው፦ ከዚህ በፊት የሠራኸውን ሜታል ፍሌክ ፀሐይ ላይ አሳየኝ፤ ማጠንከሪያውን እንዴት ትለካለህ? ሁለተኛውን ‹‹በልምድ እገምታለሁ›› ብሎ ከመለሰ ሌላ ፈልግ። ማጠንከሪያ ከልክ ሲያልፍ ጥርቱ ገና በአዲስነቱ ቢጫ ይሆናል፤ ሲያንስ ደግሞ ሳይጠነክር ይቀራል።

12. ቀለሙ ከሞተ በግልጽ ወስን

በእርጥብ ጨርቁ ምርመራ አንዱ ጎኗ ሮዝ ሆኖ ከቀረ ሦስት መንገድ አለህ። አንደኛው አጽድተህና ሰም ቀብተህ እንዳለች መውደድ ነው፤ ባሱ ቀለሟን አይጠይቅም፣ ፍጥነቷም አይቀንስም። ሁለተኛው ጎኗን ሙሉ በሙሉ በአዲስ ፍሌክና ጥርት ማስረጨት ነው፤ ውድ ነው፤ ሲሠራ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይሠራ እንጂ በልጥፍ አይሆንም። ሦስተኛው በቪኒል ማስለበስ ነው፤ ከመርጨት ይረክሳል፣ ግን ቪኒሉም በፀሐይ ያረጃል፤ ዱቄት በሆነ ወይም በረጠበ ገላ ላይም አይያዝም።

ገና ጀማሪ ነህና የመጀመሪያውን እመክርሃለሁ። ሞተሩን፣ የተሳቢውን ጎማ፣ የሕይወት ጃኬቶቹን አስቀድም። ለገላዋ ስለምታወጣው ገንዘብ በሚቀጥለው ዓመት፣ እጅህ ከለመደ በኋላ ታስብበታለህ።

አንድ ቀን ብትሸጣት ደግሞ ለገዢው እንደሆነችው አሳየው። በሰምና በዘይት አብርቶ ለአንድ ቀን ማሳመር ይቻላል፤ ይህን የሚያደርጉ አሉ። አንተ አታድርገው። እርጥቡን ጨርቅ በእጁ ስጠውና ራሱ ይፈትናት፤ የትኛው ጎን ላይ ላዩን፣ የትኛው ከሥር እንደታመመ ንገረው። በዋጋው ትንሽ ብትጎዳ በስምህ ትከበራለህ፤ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ማኅበረሰብ የምንኖር ሰዎች ነን።

እንግዲህ ቅዳሜ ማሽኑን አትከራይ። አንድ ባልዲ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ አቼቶና ሁለት ንጹሕ ጨርቅ ይዘህ ጠብቀኝ፤ ጠዋት ሳይሞቅ እመጣለሁ፤ ምርመራውን አብረን እንሠራለን። ጀልባዋ የደስታና የሰላም ታድርግልህ፤ ከውኃም ከመንገድም እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አጎትህ